ናፖሊ ሳይሄዱ የቀሩት ሆጃ



ዛሬ የምናነሳላችሁ ሰው ኪታብ የጻፉ ዓሊም አይደሉም፤ የጦር ጀግናም አይደሉም። መምህርና ሠዓሊ ናቸው። ስማቸው ሆጃ ዐሊ ሪዛ ይባላል። «ሆጃ» በቱርክኛ መምህር ማለት ነው፤ እኛ «ኡስታዝ» እንደምንለው። አብዛኞቻችሁ ስማቸውን ሰምታችሁ እንደማታውቁ እንገምታለን። ከቱርክ ውጭ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው። በውኃ ቀለምና በእርሳስ ሰፈራቸውን ሲሥሉ ኖረው፣ እዚያው ሰፈራቸው ውስጥ የሞቱ ሰው ናቸው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከ1884 እንጀምር።

በዚያ ዓመት ዐሊ ሪዛ ኢስታንቡል ከሚገኘው የዑስማንያ ጦር አካዳሚ ተመርቀው የወጡ የ26 ዓመት ወጣት መኮንን ነበሩ። በሥዕል ችሎታቸው ልቀው ስለታዩ ወደ ጣልያን፣ ወደ ናፖሊ ከተማ ሄደው እንዲማሩ ታሰበ። በዚያ ዘመን ለአንድ ወጣት ሠዓሊ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል አልነበረም። መምህራኑ፣ ሙዚየሙ፣ ታላላቆቹ ሥዕሎች ሁሉ ያሉት ባሕር ማዶ ነው። ከዚያ ተምሮ የተመለሰ ሰው በአገሩ ስሙ ይጠራል፣ ቃሉ ይሰማል።

ጉዞው ሊሆን ሲል ናፖሊ ውስጥ ኮሌራ ገባ። በዚያ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ጉዞው ተሰረዘ፤ ዐሊ ሪዛም ሳይሄዱ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው።

በቅድሚያ ግን ይህን ሰው ለምን እንዳነሳን እንንገራችሁ። እኛ በመስጂዳችን ኢማሙን የምናግዝ፣ ጠዋት ልጆችን የምናስቀራ፣ ኢማሙ ሲታመሙ ወይም መንገድ ሲወጡ የምናሰግድ ነን። ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣቶች የመስጂዱ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ጨዋታቸውን ሳንፈልግም እንሰማለን። አንዱ ቪዛ ይጠብቃል። አንዱ የነፃ ትምህርት ዕድል ሞልቶ መልስ ይጠብቃል። ሌላው የደላላ ስልክ ይጠብቃል። ሁሉም ልባቸው ሄዷል፤ እዚህ የቀረው አካላቸው ብቻ ነው። ያ በር ሲከፈት ሕይወት ይጀመራል፤ እስከዚያ ያለው ግን እንደ መናኸሪያ ነው፣ ማንም መናኸሪያ ውስጥ ቤት አይሠራም።

ይህ ስሜት ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሃያዎቹ ዕድሜያችን፣ ሸኻችን ዘንድ የጀመርናቸውን ኪታቦች ስንጨርስ፣ ባሕር ማዶ ወዳለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወረቀታችንን ልከን ነበር። ሁለት ዓመት ጠበቅን። «ተቀብለናችኋል» የሚል አልመጣም፤ «አልተቀበልናችሁም» የሚልም አልመጣም። ከኛ ጋር ወረቀት ካስገቡት የሄዱ አሉ፤ ዛሬ በዒድ ቀን ከዚያ ይደውሉልናል፣ አላህ ይጨምርላቸው። እኛ አግብተን፣ ወልደን፣ እዚሁ ቀረን። ለብዙ ጊዜ ታዲያ አንድ ጥያቄ በልባችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የቀረ ሰው ሕይወት ከሄደ ሰው ሕይወት ያነሰ ነውን? የሆጃ ዐሊ ሪዛን ታሪክ ስናገኝ ደጋግመን ያነበብነው ለዚህ ነው።

ዐሊ ሪዛ የተወለዱት በ1858 ኡስኩዳር ውስጥ ነው። ኢስታንቡል በሁለት አህጉሮች ላይ የተቀመጠች ከተማ መሆኗን ታውቃላችሁ። ቤተ መንግሥቱና ትልልቁ ገበያ በአውሮፓ በኩል ነው። ኡስኩዳር ደግሞ ከቦስፎረስ ወዲህ፣ በእስያ በኩል ነው። ከጀልባ ስትወርዱ ታላቁ መሐንዲስ ሲናን ለሱልጣን ሱለይማን ልጅ ለሚህሪማህ የሠራው መስጂድ ይቀበላችኋል። ወደ ሐጅ የሚሄደው ቅፍለት ወደ ሒጃዝ መንገዱን የሚጀምረው ከዚህ ሰፈር ነበር። የኡስኩዳር ሰዎች ሰፈራቸውን ከሁለቱ ሐረሞች ምድር ጋር በአንድ የብስ የተያያዘ መሬት አድርገው ያዩት ነበር። ከሰፈሩ በስተ ጀርባ የካራጃ አሕመድ መቃብር አለ፤ በቀጫጭን ረጃጅም ጥዶች የተሞላ፣ በከተማይቱ ካሉት ትልልቅና ጥንታዊ መቃብሮች አንዱ ነው። ከዚያ ከፍ ሲባል የቻምሊጃ ኮረብታዎች ይገኛሉ፤ ከላያቸው ሆኖ ባሕሩም ከተማውም አንድ ላይ ይታያል።

አባታቸው መሕመድ ሩሽዲ በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ሻለቃ ነበሩ፤ የዐረብኛ የቁም ጽሕፈት ፍቅርም ነበራቸው። ልጁ ያደገው ብዕርና ቀለም ባለበት ቤት ነው። ከዚያ ኩሌሊ በሚባለው፣ ከባሕሩ ዳር በተሠራው የወታደር ትምህርት ቤት ገቡ፤ ቀጥሎም ወደ ጦር አካዳሚው አለፉ።

እዚህ ላይ «ወታደርና ሥዕል ምን አገናኛቸው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ቀላል ነው። በዚያ ዘመን የጦር መኮንን ካርታ መሥራት፣ የተራራውን ቅርጽ ማንሣት፣ የምሽጉን ርቀት በወረቀት ላይ ማሳየት ነበረበት። በዑስማንያ ግዛት በአውሮፓ ዘዴ ሥዕል ቀድሞ የተገባው በመሐንዲሶችና በጦር ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ኢስታንቡል ውስጥ የተከፈተው በኋላ፣ በ1883 ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም የመልክዓ ምድር ሠዓሊዎች ብዙዎቹ የወታደር ልብስ የለበሱ ነበሩ። ዐሊ ሪዛንም ያስተማሯቸው እንደ ዑስማን ኑሪ ፓሻና ሱለይማን ሰይድ ያሉ መኮንኖች ናቸው።

እንግዲህ ናፖሊ ሲቀር ዐሊ ሪዛ እዚያው በተማሩበት የጦር አካዳሚ የሥዕል መምህር ረዳት ሆኑ። «ረዳት» የምትለዋን ቃል ስናነብ ፈገግ ብለናል። ረዳትነት ምን እንደሆነ እኛ እናውቀዋለን። ሌላው ሰው ሲቀር ትገባለህ፤ ሌላው ሲመጣ ትወጣለህ። ስምህ ማስታወቂያ ላይ አይወጣም። ልጆቹ ግን ያንተን ፊት በየቀኑ ያያሉ።

ከዚያች ቀን ጀምረው ወደ 47 ዓመት ያህል አስተማሩ። በ1911 ከጦሩ ጡረታ ሲወጡም ማስተማር አልተዉም፤ የሴት ልጆች ትምህርት ቤቶችን ጨምሮ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ቀጠሉ። ለተማሪዎች መለማመጃ የሚሆኑ የእርሳስ ሥዕሎችን በድንጋይ ማተሚያ አሳትመው አሰራጩ፤ ዛፍ፣ ቋጥኝ፣ ቤት፣ የባሕር ዳር። አይተዋቸው የማያውቁ ልጆች እነዚህን ወረቀቶች እያዩ መሥመር መሳብን ተማሩ። ቁርኣን የቀራ ሰው ይህ ዘዴ አይጠፋውም። ኡስታዙ በልጁ ሉሕ ላይ «አሊፍ»ን ይጽፍለታል፤ ልጁ ከሥሩ ይገለብጣል፤ እጁ እስኪለምድ። የዐሊ ሪዛ ወረቀትም እንደዚያው ነበር።

አሁን ስለ ውኃ ቀለሙ ትንሽ እንበል፤ የኚህን ሰው ጠባይ ከሥራቸው መለየት አይቻልምና።

የዘይት ቀለም ወፍራም ነው። ከተሳሳትክ ትጠብቃለህ፣ ሲደርቅ በላዩ ሌላ ትደርባለህ። የውኃ ቀለም ግን ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይታያል። ከሁሉም የሚገርመው ነጩ ነው። በውኃ ቀለም ሥዕል ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው ደመና፣ የግድግዳ ብርሃን፣ በባሕሩ ላይ የሚያብለጨልጨው ነገር፣ ብዙ ጊዜ ነጭ ቀለም አይደለም። ሳይቀባ የተተወ ወረቀት ነው። ሠዓሊው ብሩሹን ከማንሣቱ በፊት የት እንደማይነካ መወሰን አለበት። አንዴ ከነካው ያ ንጣት እንደ መጀመሪያው አይመለስም። ከቀላሉ ቀለም ተነሥቶ ወደ ጨለማው ይሄዳል፤ ውኃው ሳይደርቅ መፍጠን፣ ሲደርቅ ደግሞ መታገሥ አለበት።

ሌላም ነገር አለ። የውኃ ቀለም ዱቄቱን ከወረቀቱ ጋር የሚያያይዘው ሙጫ ነው፤ ከግራር ዛፍ የሚንጠባጠበው፣ በዓለም ገበያ «የዐረብ ሙጫ» የሚባለው። አብዛኛው የሚመጣው ከጎረቤታችን ከሱዳን ነው፤ በእኛም ቆላ ይለቀማል። በገጠር መድረሳ የቀሩ ወንድሞች ይህን ሙጫ ያውቁታል። ጥላሸቱን በጥብጠን፣ ሙጫ ጨምረን፣ ቀለሙን እናዘጋጅ ነበር። ሙጫው ካነሰ ጽሕፈቱ ይረግፋል፤ ከበዛ መቃው ይጣበቃል። ትምህርቱ ሲያልቅ ሉሑ በውኃ ይታጠባል፤ ያ ቀለም በውኃ መልቀቁም ከዚሁ ከሙጫው የተነሣ ነው። የኢስታንቡል ቁም ጸሐፊዎችም ቀለማቸውን የሚሠሩት ከጥላሸትና ከዚሁ ሙጫ ነበር። እንግዲህ በወሎ ሐሪማ ውስጥ ያለው ሉሕና ኡስኩዳር ውስጥ ያለው የውኃ ቀለም ሥዕል የአንድ ዛፍ ዘመዶች ናቸው ብንል አላጋነንም።

ዐሊ ሪዛ እርሳስና ትንሽ የቀለም ሣጥን ይዘው ይወጡ ነበር። ምን ሣሉ? የሱልጣን ሰልፍ አይደለም፤ ጦርነትም አይደለም። የሣሉት የሚከተሉትን ነው። ሁለተኛ ፎቁ ወደ መንገዱ ወጣ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት። በመንገድ ዳር የቆመ የድንጋይ ሰቢል፣ መንገደኛ ውኃ የሚጠጣበት። እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ጥድ። የካራጃ አሕመድ መቃብር ድንጋዮች፣ አንዳንዶቹ ያዘመሙ። የቻምሊጃ ቁልቁለት። የባሕር ዳር ቋጥኝና የታሰረች ጀልባ። የቡና ቤት ውስጥ፣ ከነምድጃው፣ ከነማፍያው፣ ከነስኒው። (ያ ቡና ከየት አገር ተነሥቶ በየመን በኩል ኢስታንቡል እንደደረሰ ለናንተ መናገር አያስፈልግም።)

በአብዛኞቹ ሥራዎቻቸው ውስጥ ሰው የለም፤ ካለም ከሩቅ የሚታይ ትንሽ ጥላ ነው። ይህን ስንናገር ከእናንተ የሚነሣውን ጥያቄ እናውቃለን።

አንድ ቀን ከልጆቹ ቂርአት በኋላ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ደብተሩን ከልብሱ ሥር ደብቆ መጣ። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝ» አለን።

«ለምን እንቆጣሃለን? ጠይቅ እንጂ።»

«ሥዕል መሣል ሐራም ነው አይደል?»

«ምንድን ነው የምትሥለው?»

ደብተሩን ከፈተው። ከከተማችን በላይ ያለው ተራራ ነበር፤ ከነዋርካው፣ ከነቆርቆሮ ቤቶቹ። ደጋግሞ ሥሎታል፤ ጠዋት፣ ቀትር፣ ዝናብ ሲመጣ። ማንም ሳያስተምረው። ይህን ሁሉ ጊዜ ኃጢአት እየሠራ እንደሆነ እያሰበ፣ መተውም አቅቶት።

ሩሕ ስላለው ነገር ሥዕል ዑለሞቻችን ብዙ ተናግረዋል፤ እዚህ አንዘረዝረውም። ነገር ግን አንድ ሰው ወደ ዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) መጥቶ መተዳደሪያው ሥዕል መሆኑን በነገራቸው ጊዜ፣ ከከባዱ ማስጠንቀቂያ በኋላ፣ የግድ ከሆነበት ዛፍንና ሩሕ የሌለውን ነገር እንዲሥል መንገዱን እንዳሳዩት በሐዲስ ኪታቦች ተመዝግቧል። ይህን ለወጣቱ ነገርነው። ተራራውን ሣል፣ ዋርካውን ሣል አልነው። ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩ! ከዚያ ስልካችንን አውጥተን የሆጃ ዐሊ ሪዛን ሥዕሎች አሳየነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየ። በመጨረሻ «ይሄ ሰውዬ እኮ ዝም ብሎ ሰፈሩን ነው የሣለው» አለ።

አዎ። ሰፈራቸውን ነው የሣሉት። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ያ ሰፈር ደግሞ በእጃቸው ላይ እያለቀ ነበር። የድሮዋ ኢስታንቡል የእንጨት ከተማ ነበረች፤ አንድ ቤት ሲቃጠል መንደሩ አብሮ ይቃጠላል። በ1918 ብቻ በፋቲሕ በኩል የተነሣው እሳት ሺዎች ቤቶችን በላ። ያልተቃጠለውም እየፈረሰ በድንጋይና በሲሚንቶ ይተካ ጀመር። ዐሊ ሪዛ በብዙ ሥዕሎቻቸው ጠርዝ ላይ ቦታውንና ቀኑን በትንንሽ ፊደል ይጽፉ ነበር። አንድ ሠዓሊ ስለ ውበት ብቻ የሚሥል ቢሆን ቀን ምን ያደርግለታል? ቀን የሚጽፍ ሰው ምስክር ነው። «ይህ ቤት በዚህ ቀን እዚህ ቆሞ ነበር» እያሉ ነበር። በዓይን ሳያዩ ከሐሳባቸው ያቀናበሯቸው ሥዕሎችም አሏቸው፤ በእነዚያም ውስጥ ግን ያው ጥድ፣ ያው ሰቢል፣ ያው ቤት ነው የሚመጣው። ሲያልሙም ኡስኩዳርን ነበር የሚያልሙት።

አሁን ግን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። «የተዘጋ በር ሁሉ ኸይር ነው» ብለን ቶሎ ብለን አንለፈው። በአላህ ቀደር እናምናለን፤ እኛ የምንጠላው ነገር ለእኛ የተሻለ ሊሆን እንደሚችልም እናምናለን። ይህ ማለት ግን የቀረብን ነገር ምንም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ዐሊ ሪዛ ናፖሊ ቢሄዱ ኖሮ የማያውቁትን ብዙ ያውቁ ነበር። በ1914፣ የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ፣ ፓሪስ ልከዋቸው የነበሩ ወጣት የቱርክ ሠዓሊዎች ወደ አገራቸው ተመለሱ። እንደ ኢብራሂም ቻሊ ያሉት ደማቅ ቀለም፣ ሰፊ የብሩሽ አጣጣልና አዲስ አስተያየት ይዘው መጡ። ከዚያ በኋላ የአገሬው ወሬ ስለ እነርሱ ሆነ። የእርሳስና የውኃ ቀለም መምህሩ የአሮጌው ዘመን ሰው ተደርገው ታዩ። የቱርክ ሥዕል ታሪክ ሲነገርም ጎልተው የሚነሡት በአብዛኛው ባሕር ማዶ የተማሩት ናቸው።

ስለዚህ መቅረት ዋጋ ያስከፍላል። ይህን ለበረንዳው ወጣቶች መደበቅ አይገባንም። ዐሊ ሪዛም ዋጋውን ከፍለዋል።

የሚደንቀን ግን የከፈሉትን ዋጋ ለሥራቸው ማቆሚያ ምክንያት አለማድረጋቸው ነው። በሠዓሊዎች መካከል የተከበሩ ነበሩ፤ በ1909 የዑስማንያ ሠዓሊዎች ማኅበር ሲመሠረት ከመሪዎቹ ሆኑ፣ በሊቀ መንበርነትም አገለገሉ። የዚያ ማኅበር ደጋፊ ደግሞ ራሳቸው ሠዓሊ የነበሩት አብዱልመጂድ፣ በኋላ የመጨረሻው ኸሊፋ የሆኑት ናቸው። ይህ ሁሉ ክብር እያለ ዐሊ ሪዛ ሥዕላቸውን ለወዳጅና ለተማሪ በመስጠት የሚታወቁ፣ ልከኛ ኑሮ የኖሩ መምህር ነበሩ። ከሺዎች የሚቆጠሩ ሥራዎቻቸው ብዙዎቹ በሰው እጅ የተበተኑት ለዚህ ነው።

የኖሩበት ዘመንም ጸጥ ያለ አልነበረም። የባልካን ጦርነት መጣ። የዓለም ጦርነት መጣ፤ ያስተማሯቸው ልጆች ወታደሮች ነበሩና ስንቶቹን እንደቀበሩ አስቡት። ከኅዳር 1918 ጀምሮ የአሸናፊዎቹ መርከቦች ቦስፎረስ ላይ ቆሙ፤ ከተማይቱ እስከ 1923 በባዕድ ጦር ሥር ዋለች። በዚያው ዓመት ሪፐብሊክ ታወጀ። በመጋቢት 1924 ኸሊፋነቱ ተሻረ፤ ሠዓሊው ኸሊፋ ከአገር ወጡ። በ1928 የዐረብኛው ፊደል ቀርቶ በላቲን ተተካ። ይህን የመጨረሻውን ስናስብ ልባችን ይነካል። ሆጃ በየሥዕሉ ጠርዝ ላይ የጻፏት ቦታና ቀን በአሮጌው ፊደል ናት። ከዚያ ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሥዕሉን ያያል፤ ከሥሩ የተጻፈውን ግን ማንበብ አይችልም።

በ1930 ኡስኩዳር ውስጥ አረፉ። የተቀበሩትም ደጋግመው በሣሉት በካራጃ አሕመድ መቃብር ነው። አላህ ይዘንላቸው።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ታሪኩ የሐዘን ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን መምህር ሲሞት ሥራው ሁሉ አብሮ አይቀበርም።

ከእሳቸው ሥዕል ከተማሩት አንዱ ሱሄይል ኡንቬር የሚባል ሐኪም ነበር፤ ከ1898 እስከ 1986 የኖረ። በሙያው ሐኪምና የሕክምና ታሪክ ምሁር ነው፤ ኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሕክምና ታሪክን ተቋም ያቆመ ሰው ነው። ከመምህሩ የወረሰውን ግን አልተወም። ማስታወሻ ደብተርና የውኃ ቀለም ይዞ በኢስታንቡል መንገዶች ይዞር ነበር፤ ሊፈርስ ያለውን ሰቢል፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የአሮጌ ቤት ጣሪያ እየሣለና እየጻፈ። ስለ መምህሩ ጻፈ፤ እሳቸው የሣሏቸውን የቡና ቤት ዕቃዎች ሳይቀር አጥንቶ አሳተመ። አሮጌውን ፊደል የሚያነብ ትውልድ ነበርና የሆጃን ጽሑፍ ለአዲሱ ትውልድ ካሻገሩት አንዱ እሱ ሆነ። ደብተሮቹን በመጨረሻ ለሱለይማንያ ቤተ መጻሕፍት አበረከተ። ዛሬ የድሮዋን ኡስኩዳር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ሆጃና ወደ ተማሪያቸው ወረቀቶች መሄዱ አይቀርም። ፓሪስ የተማሩት ሠዓሊዎች ስለ ቀለም ብዙ አስተምረዋል፤ የዚያ ሰቢል መልክ ምን ይመስል እንደነበር ሲፈለግ ግን የሚጠየቁት ሆጃ ናቸው።

ለእኛ ከዚህ የሚወጣው ምንድን ነው?

አትሂዱ አንልም። ዕድል ያገኘ ይሂድ፤ ዒልም ፍለጋ፣ ሪዝቅ ፍለጋ መጓዝ የኢማሞቻችን መንገድ ነው። ኢማሙ ሻፊዒ ከአገር አገር ተጉዘዋል። የምንለው ሌላ ነው። ለሚጠብቅ ሰው የሚጠብቅበት ቦታም አደራ ነው። ሆጃ ዐሊ ሪዛ ናፖሊን እየጠበቁ 47 ዓመት ቢቀመጡ ኖሮ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ማንም። «ዕድሉ ጠፋበት» ይባልላቸውና ይታዘንላቸው ነበር። እሳቸው ግን በማግሥቱ ክፍል ገቡ። ከትምህርት በኋላ የቀለም ሣጥናቸውን ይዘው ወጡ፤ በየቀኑ የሚያልፉበትን መንገድ ልክ አሁን እንደደረሱበት አገር አድርገው አዩት።

ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ሩቅ አገር ስንሄድ ዓይናችን ራሱ ይከፈታል፤ በሰፈራችን ግን ዓይን ይታክታል። በቀን አምስት ጊዜ የምናልፍበት የመስጂዱ አሮጌ የእንጨት ምሰሶ ስንት እንደሆነ ብንጠየቅ ስንቶቻችን እንመልሳለን? እኛ ራሳችን ይህን ጽሑፍ ስንጽፍ ተነሥተን ቆጠርናቸው፤ ዘጠኝ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ላይ የድሮ ደረሳዎች በቢላ የፈለፈሉት «ቢስሚላህ» አለ። የከተማችን ሽማግሌዎች መስጂዱን በጭቃና በእንጨት ያቆሙትን ሰዎች ስም ያውቃሉ፤ ከእኛ ዕድሜ በታች የሚያውቀው ግን የለም። መስጂዱን አፍርሶ በብሎኬት ለመሥራት ገንዘብ እየተሰበሰበ ነው፤ እኛም አዋጥተናል፤ ሰጋጁ በዝቷልና ያስፈልጋል። ነገር ግን ከመፍረሱ በፊት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያየው ይገባል።

ያ ደብተሩን ደብቆ የመጣው ወጣት አሁን እየሣለው ነው። ዐስር ላይ ይመጣል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። ምሰሶዎቹን ጨርሶ ወደ ጣሪያው ደርሷል። ከሥሩ ቀኑን እንዲጽፍ ነግረነዋል፤ እንደ ሆጃ። በፊት ደላላ የሚጠብቁት ሁለት ጓደኞቹ መጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ። አንዱ ሽማግሌዎቹን እየጠየቀ የመሥራቾቹን ስም በስልኩ ይቀዳል። ቪዛው ቢመጣላቸው ይሄዱ ይሆናል፤ አላህ ኸይሩን ይምረጥላቸው። ቢሄዱም ግን ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፣ እዚህም ባዶ ቦታ ትተው አይሄዱም።

እናንተስ፣ ውድ አንባቢዎቻችን? ብሩሽ መያዝ የማይችል እርሳስ ይያዝ፤ እርሳስ የማይችል ይጻፍ፤ መጻፍ የሚከብደው ሽማግሌዎቹን ጠይቆ ድምፃቸውን ይቅዳ። በከተማችሁ አሮጌ መስጂድ፣ አሮጌ ገበያ፣ ሐሪማ፣ የሸኾች መቃብር የሌለበት የለም። ሥራው ታላቅ መስሎ አይታይም። የሆጃም ሥራ በዘመኑ ታላቅ መስሎ አልታየም ነበር። በርቱ።

አላህ ሆጃ ዐሊ ሪዛን ይማርልን፤ ያስተማሩንን ሁሉ ይዘንላቸው፤ የሄዱትን በሰላም ይመልስልን፤ የቀረነውንም ባለንበት ቦታ የምንጠቅም ያድርገን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።